የመኪና መርገጫ ከፍታና የነጂው እግር

ጫማ ሲገዛ ልኩን የማይሞክር ሰው የለም። ልብስ የሚያሰፋም ሰው ሰፊው ትከሻውንና ክንዱን በሜትር እስኪለካው ድረስ ታግሦ ይቆማል። ይኸው ሰው ግን ለብዙ ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ መኪና በገዛ ጊዜ፥ የራሱንና የልጆቹን ሕይወት በየቀኑ አደራ የሚሰጣቸው ሦስቱ መርገጫዎች፥ ማለት ፍሪሲዮኑ፥ ፍሬኑና ነዳጅ መስጫው፥ ለእግሩ የተስማሙ መሆናቸውን ሳይመረምር ቁልፉን አዙሮ ይነሣል። እግሩ ባይደርስ ይንጠራራል፤ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ቢጋጭ ይታገሣል፤ ቁርጭምጭሚቱ ቢያመው የዕድሜ ነገር ነው ይላል።

መርገጫ ግን፥ በጋራዥ ቋንቋ ፔዳል የሚባለው ማለት ነው፥ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። በምን ዓይነት እንደሚስተካከል፥ ደግሞም የትኛው ክፍል በማያውቅ እጅ እንደማይነካ ማወቅ መኪና ላለው ቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ በቤታችን ከደረሰው ነገር ጀምሬ የተማርሁትን እጽፋለሁ።

ታላቅ እኅቴ በሙያዋ አዋላጅ ነርስ ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ራሷም ስትቀልድ «እኔ ብቆምም ብቀመጥም ያው ነኝ» ትላለች። የምትነዳው የአዲስ አበባ ሰው በፍቅር «ቮልስ» ብሎ የሚጠራውን አሮጌ ቮልስዋገን ነው። ይህ ዓይነት መኪና እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር መሠራቱ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራ ነው። የቮልስ ፍሪሲዮንና ፍሬን እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች ከላይ የተንጠለጠሉ ሳይሆኑ ከወለሉ የበቀሉ ናቸው፤ ስለዚህ እግሩ አጭር የሆነ ሰው ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ለመርገጥ ከመቀመጫው ጫፍ ላይ መንሸራተት ግድ ይሆንበታል። እኅቴም ለብዙ ጊዜ በዚህ ሁኔታ፥ ጀርባዋ ከወንበሩ መደገፊያ ርቆ፥ መሪውን እንደ ምሰሶ ይዛ ስትነዳ ኖረች።

ወጣቱ ልጇ ለእናቱ አዝኖ መላ ፈለገ። ከዋንዛ እንጨት ሁለት ቁራጭ አዘጋጀ፤ አንዱን በፍሪሲዮኑ ላይ፥ ሁለተኛውን በፍሬኑ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ጠምጥሞ አሰረው። እኔም አንድ ቀን ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ይህን አይቼ የልጁን ብልሃት አመሰገንሁ። ምስጋናዬን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በመስከረም ወር አንድ ጧት እኅቴ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው ቁልቁለት ስትወርድ ከፊቷ የማገዶ እንጨት የተሸከሙ እናቶች በመንገዱ ዳር በሰልፍ ይሄዱ ነበር። ፍጥነቷን ለመቀነስ ፍሬኑን በረገጠች ጊዜ፥ ላስቲኩ ላልቶ ስለ ነበር፥ እንጨቱ ወደ ቀኝ ዞሮ ጫፉ በነዳጅ መስጫው ላይ ዐረፈ። መኪናው ሊዘገይ ሲገባው ሞተሩ ጮኸ። እርስዋም በድንጋጤ እግሯን በማንሣት ፈንታ አጠንክራ ረገጠች፤ ያን ጊዜ ፍሬኑና ነዳጁ በአንድነት ተረገጡ። እግዚአብሔር በሰጣት ማስተዋል በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለውን የእጅ ፍሬን ስባ መሪውን ወደ ቦዩ አዞረችው። መኪናው ከቦዩ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። የፊተኛው ጭቃ መከላከያ ተጣመመ፥ የእኅቴም የእጅ አንጓ ወለም አለው። ከእናቶቹ የመጨረሻዋ ሸክሟን ጥላ ከቦዩ ማዶ ተቀምጣ ነበር፤ በመኪናውና በእርስዋ መካከል የነበረው ርቀት አራት ርምጃ አይሞላም።

በዚያው ማታ ቤቷ ሄጄ፥ «እትዬ፥ ይህ እንጨት እኮ ሊገድልሽ ነበር» አልኋት።

«ልጁን እንዳትቆጣው፤ ያዘዝሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ደግሞስ አንተ አይተህ አመስግነኸው የለም ወይ?»

መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ መኪናውን በሰፈራችን ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አስጎተትነው። እኚህ ሰው ሞተር ሲያዳምጡ በቅኔ ማሕሌት ውስጥ የተሳሳተ ዜማ የሰማ መሪጌታ ይመስላሉ፤ ፊታቸው ወዲያው ይኰማተራል። እኔም አወቅሁ ብዬ፥ «ጋሼ፥ መርገጫዎቹን ወደ ላይ ከፍ ያድርጉልን» አልኋቸው።

«ቈይ፥ መምህር» አሉኝ። «መርገጫውን ወደ እግሯ ከማምጣታችን በፊት እግሯን ወደ መርገጫው እናምጣ። መጀመሪያ ወንበሩን ልየው።»

ወንበሩ በሁለት ሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ነው። ሐዲዱ ግን ዝጎ፥ በአሸዋና በአሮጌ ቅባት ተሞልቶ፥ ለስንት ዓመት እንደ ሆነ እንጃ ከአንድ ቦታ አልተነቃነቀም ነበር። ወንበሩን አውጥተው ሐዲዱን በነዳጅ ካጠቡና ቅባት ከቀቡ በኋላ ሦስት ጥርስ ያህል ወደ ፊት መጣ። የእኅቴ ችግር እኩሌታው በዚህ ብቻ ተቃለለ። እንጨቱ ከመታሰሩ በፊት አንድ ሰው፥ እኔንም ጨምሮ፥ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ቢሞክረው ኖሮ ለሽሮ ሜዳው ነገር መንገድ ባልተከፈተ ነበር።

ቀጥለው ፍሪሲዮኑን በጣታቸው ገፉት። መርገጫ ገና ሥራውን ሳይጀምር በከንቱ የሚሄደው መጠን አለ፤ እኔ ባዶ ጉዞ ብዬ እጠራዋለሁ። በቮልስ ይህ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር መሆን ይገባዋል። በማስመሪያ ሲለኩት ግን 45 ሚሊሜትር ሆነ። የፍሪሲዮኑ የብረት ገመድ በዕድሜ ብዛት ስለ ተለጠጠ፥ እኅቴ ከእግሯ ጉዞ ከፊሉን በከንቱ ታባክን ነበር። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ገብተው ከካምቢዮው በግራ በኩል በገመዱ ጫፍ ያለውን ባለ ክንፍ ዳዶ ጥቂት አዞሩት፤ ባዶ ጉዞውም ወደ 15 ሚሊሜትር ወረደ። እኔ «ጨርሶ ቢጠፋ አይሻልም ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው ሣቁብኝ። ባዶ ጉዞ የሌለው ፍሪሲዮን ሁልጊዜ በጥቂቱ እንደ ተረገጠ ስለሚቈጠር፥ ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል፤ የሚገፋውም ኩሽኔታ ያለ ዕረፍት እየዞረ ያልቃል።

ሦስተኛው ፍሬኑ ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ፍሬኑ ሲረገጥ ወደ ወለሉ በጣም ይጠጋ ስለ ነበር፥ እኅቴም እኔም «መርገጫው ዝቅ ብሏል፥ ከፍ ይደረግልን» እንል ነበር። መካኒኩ ግን፥ «መርገጫው አልወረደም፤ ያለቀው ሸራው ነው» አሉን። የፍሬኑ ሸራ ሲሳሳ በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ያንን ክፍተት ለመሙላት እግር ብዙ መጓዝ አለበት። በአራቱም ጎማዎች ገብተው በታምቡሩ ውስጥ ያሉትን ባለ ጥርስ ማስተካከያዎች አዙረው ሸራውን ባስጠጉ ጊዜ፥ መርገጫው ራሱ ሳይነካ ገና ከላይ መያዝ ጀመረ። እንግዲህ ያ የዋንዛ እንጨት የበሽታውን ምልክት እየሸፈነ በሽታውን ያስታምም ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ ወደ ትክክለኛው ከፍታ መጡ። በቮልስ ወለል ላይ መርገጫዎቹ ወደ ኋላ ሲመለሱ የሚያርፉበት በብሎን የታሰረ ብረት አለ። እርሱን አላልተው ጥቂት ወደ ነጂዋ ሳቡት፤ መርገጫዎቹም ተከትለው ቀረቡ። ነገር ግን ይህ ሲደረግ ከፍሬኑ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ዘንግ እንደ ገና መስተካከል አለበት፤ በዘንጉ ጫፍና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ሊቀር ይገባዋልና። ክፍተቱ ቢጠፋ ፒስተኑ ወደ ቦታው ጨርሶ ስለማይመለስ የፍሬኑ ዘይት ተመልሶ መውጫ ያጣል፤ ሸራዎቹም ማንም ሳይረግጣቸው ታምቡሩን እየያዙ ይግላሉ። የጋለ ፍሬን ደግሞ በቁልቁለት ላይ በጭንቅ ጊዜ ይከዳል።

ሥራው ሲያልቅ እኅቴ ተቀምጣ ሞከረችው። ጀርባዋ ከመደገፊያው ሳይለይ፥ ከጀርባዋ ጠንከር ያለ ትራስ ተደርጎ፥ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠችው፤ ጉልበቷም ጥቂት እንደ ታጠፈ ቀረ። እንጨት አላስፈለገም።

ይህ ስለ አሮጌው ቮልስ ነው። ዛሬ በከተሞቻችን የሚበዙት ቪትዝና ኮሮላ፥ እነርሱንም የመሰሉት፥ መርገጫቸው ከላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የነገሩ ሥር ግን አንድ ነው። በፍሬን ላይ የሚለኩ ሦስት ርቀቶች አሉ፤ ብዙ ሰው ሦስቱን እያቀላቀለ ይስታል። የመጀመሪያው እግር ሳይነካው መርገጫው ከወለሉ ብረት ያለው ከፍታ ነው። ይህም ምንጣፉ ተገልጦ ይለካል፤ ከምንጣፉ በላይ የለካ ሰው ምንጣፉንም አብሮ ለክቷል። ሁለተኛው አሁን የተናገርነው ባዶ ጉዞ ነው። ሦስተኛው ፍሬኑ በኀይል ተረግጦ በቆመበት ጊዜ ከወለሉ የሚቀረው ርቀት ነው፤ ይህ የነጂው መጠባበቂያ ገንዘብ ነው። የሦስቱም መጠን ከመኪና መኪና ስለሚለያይ፥ ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ እንጂ ከጎረቤት አፍ አይወሰድም።

ባዶ ጉዞውን ማንም ሰው በቤቱ ሊለካው ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ይህም በፍሬኑ አጋዥ ውስጥ የቀረውን ኀይል ለመጨረስ ነው። ከዚያ በኋላ በጣት ቀስ አድርጎ ገፍቶ፥ ክብደት እስኪሰማ ድረስ የሄደውን በማስመሪያ ማየት ነው። በብዙዎቹ የቶዮታ መኪኖች ከ1 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው። ሌላም ፈተና አለ። ሞተሩ ተነሥቶ ፍሬኑ ለግማሽ ደቂቃ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ የፍሬኑ ዘይት አንድ ቦታ ያፈሳል፥ ወይም ፓምፑ ውስጡ ተበልቷል። ሲደጋገም ከፍ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ከዘይቱ ጋር አየር ገብቷል፥ ወይም ሸራው ርቋል። እንዲህ ያለ መኪና ወደ መካኒክ ይጎተታል እንጂ ከፍታው አይስተካከልም።

ፍሬኑ ጤነኛ ሆኖ ከፍታው ብቻ ከልኩ የወጣ እንደ ሆነ፥ ከመርገጫው ወደ ፓምፑ የሚሄደው ዘንግ ቁልፍ ዳዶው ላልቶ ዘንጉ ሲዞር መርገጫው ይወጣል ወይም ይወርዳል። ይህን ሥራ ባለሙያ ይሥራው፤ ባለ መኪናው ግን አጠገቡ ቆሞ አንድ ነገር ይጠብቅ። ከመርገጫው በላይ የፍሬን መብራት ማብሪያ አለች። መርገጫው ከፍታው ሲለወጥ እርስዋም አብራ ካልተዛወረች፥ ወይ የኋላው መብራት ቀንና ሌሊት ሲበራ ይኖራል፥ ወይ ፍሬን ሲያዝ አይበራም። በብዙ መኪኖች መርገጫው ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያርፈው በእርስዋው ላይ ስለ ሆነ፥ ያለ ቦታዋ ከተጠበቀች መርገጫውን ተጭና ፍሬኑን እንደ ያዘ ታስቀረዋለች። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ መብራቱን ይይ፤ መኪናውም በክሪክ ተነሥቶ እያንዳንዱ ጎማ በእጅ ሲዞር ሳይታነቅ መዞሩ ይሞከር።

ነዳጅ መስጫው በብረት ገመድ የሚሠራ እንደ ሆነ ገመዱ ጥቂት ላላ ማለት አለበት፤ እስከ መጨረሻው ሲረገጥም በሞተሩ በኩል ያለው በር ጨርሶ መከፈት አለበት። በአዲሶቹ መኪኖች ግን ገመዱ ቀርቶ ትእዛዙ በኤሌክትሪክ ሽቦ ስለሚሄድ፥ በመፍቻ የሚነካ ነገር የለውም።

አሁን ወደ አንድ ረቂቅ ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ፍሬኑ ከነዳጅ መስጫው ምን ያህል ከፍ ማለት አለበት የሚለው ነው። ፍሬኑ እጅግ ከፍ ካለ፥ ነጂው ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሲሻገር ተረከዙን ከወለሉ አንሥቶ እግሩን ሁሉ መሸከም ይኖርበታል። በዚህ ግማሽ ሰኮንድ ቢያባክን ምን እንደሚሆን እናስላ። በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ፍሬኑ ገና ሳይነካ 7 ሜትር አልፏል ማለት ነው። ተማሪዎቼን ይህን ሒሳብ በግቢያችን በገመድ አስለክቻቸው፥ ከሰንደቅ ዓላማው እስከ ውኃው ቧንቧ ሆነ፤ ማንም አላመነም። በአንጻሩ ሁለቱ መርገጫዎች እኩል ከሆኑ መሻገሩ ይፈጥናል፥ ነገር ግን ሰፊ ጫማ ያደረገ ሰው ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሊረግጥ ይችላል። ፋብሪካዎች ፍሬኑን በመጠኑ ከፍ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለሙያው ሲያስተካክልም ይህን ልዩነት እንዳያጠፋውና እንዳያበዛው ሊነገረው ይገባል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ያሏቸው ሰዎች ይልቁንም ይህን ይመርምሩ፤ ከመሪው ጋር መርገጫዎቹም በጋራዥ ተነቅለው ተተክለዋልና።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል የታወቀ ታሪክ አለ። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት አውዲ 5000 የተባለው መኪና ሳይታዘዝ ይስፈነጠራል የሚል ክስ በአሜሪካ በዛበት። ፋብሪካው በ1987 እግር በፍሬን ላይ ካልሆነ ማርሹ ከማቆሚያው እንዳይወጣ የሚከለክል መቈለፊያ ማስገጠም ጀመረ። የመንግሥቱም የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1989 ባወጣው ምርመራ፥ እንዲህ ያለው አደጋ በብዛት የሚደርሰው ነጂዎቹ ፍሬን የረገጡ እየመሰላቸው ነዳጅ በመርገጣቸው መሆኑን፥ የመርገጫዎቹም አቀማመጥ ለስሕተቱ ሊያግዝ እንደሚችል ገለጸ። እኅቴም በሽሮ ሜዳ እንዳደረገችው፥ መኪናው አልቆም ሲል የሰው እግር በድንጋጤ የባሰ ይረግጣል።

በ2009 ደግሞ በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ አጠገብ በአንድ ሌክሰስ መኪና ውስጥ የነበሩ አራት ሰዎች ሞቱ። ለሌላ ዓይነት መኪና የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነዳጅ መስጫውን ይዞ አላስመልስ ብሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ቶዮታ በሚሊዮን የሚቈጠሩ መኪኖችን ጠርቶ የብዙዎቹን ነዳጅ መስጫ ከታች አሳጠረው። እኛም በዋናው ምንጣፍ ላይ ሁለተኛ፥ በክረምት ጭቃ ጊዜም ሦስተኛ የመደረብ ልማድ አለን። ከነጂው እግር ሥር አንድ ምንጣፍ፥ እርሱም በማቆሚያው የተያዘ፥ ይበቃል።

የአየር ከረጢት ባለው መኪና አጭር ነጂ ሌላም አሳብ አለበት። ለመድረስ ብሎ ወደ መሪው ከተጠጋ፥ ከረጢቱ በግጭት ጊዜ ሲፈነዳ ደረቱን ይመታዋል። ስለዚህ ከመሪው መካከል እስከ ደረት አጥንት 25 ሴንቲሜትር ያህል እንዲቀር ይመከራል። ወንበሩ ከፍ ብሎ፥ መደገፊያው ቀና ብሎ፥ መሪው ዝቅ ተደርጎም ሁለቱ ካልተስማሙ፥ ያን ጊዜ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፥ በብሎን የሚጠብቅ የብረት ማራዘሚያ በባለሙያ ይገጠማል። ይህና የልጁ የዋንዛ ቁራጭ አንድ አይደሉም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ፎርድ በአንዳንድ ትልልቅ መኪኖቹ ላይ ቁልፍ ሲነካ በኤሌክትሪክ ወደ ነጂው የሚቀርቡ መርገጫዎች አድርጓል፤ በእኛ አገር ግን ብዙ አይገኙም።

የቀረው የልብስና የጫማ ነገር ነው። ነጠላ ጫማ ከተረከዝ ወጥቶ ከፍሬኑ ሥር ሊወተፍ ይችላል፤ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማም ተረከዝ ወለሉን እንዳይዝ ስለሚያደርግ፥ በልክ የተስተካከለውን መርገጫ እንደ ገና ከልክ ያወጣዋል። በበዓል ቀን የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች እመቤት ጥለቱን ከጉልበቷ በላይ ሰብሰብ አድርጋ ትቀመጥ፤ የነጠላዋም ጫፍ ወደ ወለሉ አይውረድ። እኅቴ አሁን ስስ ሶል ያለው ጠፍጣፋ ጫማ በመኪናው ውስጥ አኑራለች፤ እርሱንም የምታስቀምጠው ከነጂው ወንበር በታች ሳይሆን በኋላ ወንበር ላይ ነው፤ በቁልቁለት ተንሸራትቶ ወደ መርገጫዎቹ እንዳይመጣባት።

መካኒኩ ከወር በኋላ ተመልሳ እንድትመጣ ነግረዋት ነበር፤ አዲስ የተሳበ ገመድ ጥቂት ይላላልና። በሄደች ጊዜ የፍሪሲዮኑ ባዶ ጉዞ 19 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። ዳዶውን ግማሽ ዙር አጠበቁት፤ ገንዘብም አልተቀበሏትም።